የሞራ ቀዶ ጥገና ያማል ወይ ለምትሉኝ

የቀኝ ዓይኔን ሞራ ተገፍፌ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ልብሱ አይደለም። «ያማል ወይ?» ነው የሚለኝ። ከዚያ ይቀጥላል። «ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» «አሁን ጥርት አድርገሽ ታያለሽ?» «ለእናቴስ ይሆናታል?» ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስድሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ጠያቂው በዛ። ግማሹም ፈርቶ እናቱን ቤት ያስቀመጠ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ እዚህ ላስፍረው።

ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ያለፍኩበትንና ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን እየጠየቅኩ የተረዳሁትን ነው። የወንድሜ ልጅ ነርስ ነው፤ ከመለጠፌ በፊት አንብቦልኛል።

መልሱን ላስቀድም። ኦፕራሲዮኑ አያምም። የማደንዘዣው መርፌ ለአፍታ ያማል። ትልቁ ሥራ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ እሱም የበሽተኛውና የቤተሰቡ ሥራ ነው። ሰው ቢላውን ይፈራል። እኔ ግን ጠብታውን፣ ውሃውን፣ ጀሪካኑንና ጭሱን አስቡበት እላለሁ።

እንዴት እንደጀመረኝ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተምታታብኝ ክር ነው። ኔቪ ብሉውንና ጥቁሩን ለመለየት በር ላይ ወጥቼ ብርሃን ላይ መዘርጋት ጀመርኩ። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ ሁሉ ወደ ቢጫ አደላብኝ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ ከፊት የሚመጣ የባጃጅ መብራት ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ይበተንብኛል። እስኪያልፍ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። የደሴ ሰው ከጦሳ የሚወርደውን ጉም ያውቀዋል። ጠዋት ሰፈሩን ሸፍኖ ረፋድ ላይ ይገለጣል። የኔው ግን እኩለ ቀንም አልገለጥ አለ።

መሃል ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ለተወሰነ ጊዜ መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር ማስገባት ቻልኩ። ጎረቤቶቼ «ዓይንሽ ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ በይ» አሉኝ። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ አንዳንዱ ሞራ የዓይኑን ሌንስ መሃል እያጠጠረ ሲሄድ ዓይን ለቅርብ ያደላል። የሩቁ በዚያው ልክ ይጠፋል። ቆይቶ የቅርቡም ይሄዳል። እድሜው ገፍቶ በድንገት ያለ መነጽር ቁርአን ወይም ዳዊት ማንበብ የጀመረ ዘመድ ካላችሁ፣ ደስ ይበላችሁና አስመርምሩት።

ስሙን የማልጠራው አንድ መነጽር ቤት ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ቁጥሩን እየቀየረ መነጽር ሸጠልኝ። ሞራ እንዳለብኝ አንድም ቀን አልነገረኝም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። መነጽር ቶሎ ቶሎ መቀየር ራሱ ምልክት ነው።

ብዙ ሰው ሞራ ዓይን ላይ የሚበቅል ቆዳ ይመስለዋል። ከላይ የሚላጥ ይመስለዋል። አይደለም። በዓይናችን መሃል ከምትታየው ጥቁር ቀዳዳ ጀርባ፣ ከተፈጥሮ ጀምሮ ያለ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ብርሃን በሱ አልፎ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ከእድሜ ጋር ይደፈርሳል። ሞራ የምንለው የደፈረሰውን ሌንስ ነው። ስኳር በሽታ ያፈጥነዋል። ዓይን ላይ የደረሰ ምት ያመጣዋል። ሲጋራም አስተዋጽኦ አለው። ሕፃን ልጅም ይዞት ሊወለድ ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

አንዱን ምክንያት ለይቼ ልናገር፤ እኛ ሰፈር በጣም ስለማየው ነው። ዓይኑ በቀላና ባሳከከው ቁጥር ፋርማሲ ሄዶ «ያቺን ጠብታ ስጡኝ» የሚል ሰው አለ። ከነዚያ ጠብታዎች ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ያለባቸው ናቸው። ማሳከኩን ቶሎ ያስታግሳሉ፤ ለዚህ ነው የሚወደዱት። ሐኪም ሳያየው ለወራትና ለዓመታት ሲደረግ ግን ሞራም ያመጣል፣ የዓይንን ግፊትም ይጨምራል። በተለይ ዓይናቸው በአለርጂ ለሚያሳክካቸው ልጆቻችሁ ተጠንቀቁ።

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት፣ በአገራችን ማየት ከተሳናቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ነው። የወንድሜ ልጅ ይህን ሲያሳየኝ ዝም ብዬ ቀረሁ። በር ላይ ምርኩዝ ይዘው የተቀመጡት እናቶችና አባቶች ስንቶቹ ማየት ይችሉ ነበር ማለት ነው።

«ሞራው ይብሰል» የሚል ምክርም አለ። ለኔም ተነግሮኛል። ድሮ በነበረው አሠራር እውነት ነበረው፤ እስኪጠነክር ይጠበቅ ነበር። አሁን አይጠበቅም። ሥራችሁን፣ መንገዳችሁን፣ ማንበባችሁን ካወከ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ ሲቆይ ይደድራል፤ ማውጣቱም ይከብዳል። አንዳንዴም አብጦ የዓይን ግፊት ይጨምርና ከባድ ሕመም ያመጣል። የሚያሟሟው ጠብታ፣ ኪኒን፣ ምግብም የለም። የእናት ጡት ወተት፣ ማር፣ የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ የሚያንጠባጥቡ አሉ። እባካችሁ ተዉ። ሞራው ባለበት ይቆያል፤ ደህና የነበረው የዓይን ክፍል ይቆስላል።

የታከምኩት ቦሩ ሜዳ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ሆስፒታል፣ የወሎ ሰው የዓይን ነገር ሲነሳ ቶሎ የሚጠራው ቦታ።

የምርመራው ቀን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ በየአቅጣጫው የዞሩ ምልክቶችን አስቀምጠው «ወዴት ነው የዞረው?» ይሏችኋል። ከዚያ አገጫችሁን መሣሪያ ላይ አስደግፈው በብርሃን ያያሉ። የዓይን ግፊት ይለካሉ። ቀዳዳዋን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጋሉ። እሱ ለሰዓታት ስለሚቆይ ፀሐይ ላይ ስትወጡ ብርሃኑ ይወጋችኋል፤ የቅርብም አይታያችሁም። ብቻችሁን ባጃጅ መሳፈር ይከብዳል። የደም ግፊትና ስኳርም ይታያል። ስኳሩ በጣም ከፍ ካለ እስኪስተካከል ቀጠሮ ሊያራዝሙ ይችላሉ። ይህ የቁስሉን መዳን ስለሚነካ ነው፤ አትናደዱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ንገሯቸው። በተለይ ወንዶች ለፕሮስቴት የምትወስዱት ኪኒን ካለ አትደብቁ። አንዳንዱ ኪኒን በኦፕራሲዮኑ ሰዓት ቀዳዳዋ በደንብ እንዳትሰፋ ያደርጋልና ሐኪሙ ቀድሞ ማወቅ አለበት።

እኔን በጣም የገረመኝ ልኬቱ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ሲወጣ በቦታው የተሠራ ሌንስ ይገባል። የሱ ቁጥር ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። የዓይኑ ርዝመት ከፊት እስከ ኋላ ይለካል፤ የዓይኑ የፊት ክፍል ጥምዝም ይለካል። ልብስ ለአንዲት ሴት ሳትለኪ አትቆርጪላትም አይደል? ይህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ልኬቱ በሚሊ ሜትር ክፋይ መሆኑ ነው። ለርዝመቱ ዓይን ካደነዘዙ በኋላ እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ ዓይን ላይ ነካ ያደርጋሉ። አያምም። ቀጥ ብሎ ማየት ብቻ ነው። ሲለኩ አትንቀሳቀሱ፤ በኋላ ያለ መነጽር ሩቅ ማየት አለማየታችሁ በዚያች ደቂቃ ላይ የተመሠረተ ነው።

ምርመራው ሌላም ነገር ይለያል። ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ የኔን ሰምቶ «እኔም ይገፈፍልኝ» ብሎ ተነሳ። በሀረጎ መንገድ ወጥቶ መጣ። አብሬው ገባሁ። ሐኪሙ ሲያየው ሞራው ትንሽ ነው፤ ዋናው ግላኮማ ነው። ግፊት ከዓይን ጀርባ ያለውን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ። በሞራ የጠፋ ብርሃን ይመለሳል። በግላኮማ የጠፋ አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ወይም በሌላ ሕክምና መጠበቅ ብቻ ነው። አጎቴ በጣም አዘነ። እኔም አዘንኩ። ግን ያኔ ባይታይ ኖሮ የቀረውንም ያጣ ነበር። አሁን ጠብታውን በየቀኑ ያደርጋል። ይህን የምነግራችሁ፣ ስኳር ሬቲናውን፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ የጎዳበት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ሞራው ወጥቶለትም ሙሉ በሙሉ ላያይ ስለሚችል ነው። ከመግባታችሁ በፊት «ከኋላ ያለው ዓይኔ ደህና ነው ወይ? ምን ያህል አያለሁ ብዬ ልጠብቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሞቹ ሲጠየቁ ይመልሳሉ።

ለኦፕራሲዮኑ ቀን ዝግጅቱ ቤት ይጀምራል። ኩል ከቀናት በፊት አቁሙ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምኳል ሴት ነኝ፤ ቢከብደኝም ተውኩት። ዋዜማውን ገላችሁንና ጸጉራችሁን በደንብ ታጠቡ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልብ መታጠብ የለም። በአንገት የሚጠለቅ ልብስ አትልበሱ። እኔ ከላይ እስከ ታች ከፊት የሚቆለፍ ቀሚስ ሰፍቼ ሄድኩ። ሲለብሱትና ሲያወልቁት ዓይን አይነካም። የደም ግፊት መድኃኒታችሁን፣ ቁርሳችሁን በተመለከተ የነገሯችሁን ብቻ አድርጉ።

ተራዬ ሲደርስ ከቀኝ ዓይኔ በላይ ምልክት አደረጉ፤ እንዳይሳሳቱ ነው። ጠብታ በላይ በላዩ አደረጉልኝ። ከዚያ መርፌው መጣ። በዓይን ኳስ ውስጥ አይደለም የሚወጉት፤ ከጎኑ፣ ከአጥንቱ ጥግ ነው። የመወጋት ስሜት አለው፤ ቀጥሎ ውጥር የሚያደርግ ግፊት አለ። አንዲት ሲስተር እጄን ይዛ «አብሽሪ እማ፣ ይቺው ናት» አለችኝ። እውነትም ያቺው ነበረች። ከዚያ ዓይኑን ለጥቂት ደቂቃ ጫን ጫን ያደርጉታል። የዓይን ቆቡ ይከብዳል። ዓይኑ አልንቀሳቀስ ይላል። ሙሉ ሰውነት አይደነዝዝም፤ ትሰማላችሁ፣ ትናገራላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ በጀርባ ያስተኛሉ። ዓይኑን አዮዲን ባለው ፈሳሽ ያጥባሉ፤ ይቀዘቅዛል። ፊታችሁን በአንድ ዓይን ልክ ቀዳዳ ባለው ጨርቅ ይሸፍናሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ የከበደኝ ይህ ጨርቅ ነው። ትንፋሽ ያጠረኝ መሰለኝ። ነገርኳቸው፤ ከአገጬ በኩል ከፍ አደረጉልኝ፣ ቀለለኝ። ሳል ሊመጣባችሁ ከሆነ ሳትስሉ በፊት ተናገሩ። እጃችሁን ወደ ፊታችሁ አታንሱ። ይህ ብቻ ነው የሚፈለግባችሁ።

ቢላ ይታያል ወይ ለሚሉ፤ አይታይም። እኔ ያየሁት ብርሃን ነው። ከላይ ትልቅ ብርሃን አለ፤ በውስጡ ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ ብርሃኑ ይበተናል፣ ቀለም ይቀያይራል። ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ በጆሮ ግንድ በኩል ይቀዘቅዛል። መነካካቱ ይታወቃል፤ ሕመሙ የለም። ሐኪሙ ከነጩ የዓይን ክፍል ጫፍ ላይ ትንሽ በር ከፍቶ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣል። ሌንሱ የተቀመጠበትን ስስ ከረጢት ይተወዋል፤ አዲሱን እዚያ ውስጥ ያስቀምጣል። አከፋፈቱ ራሱን በራሱ ስለሚዘጋ ብዙ ጊዜ ስፌት አያስፈልገውም። ዕድሜዬን በስፌት የጨረስኩ ሴት ይህን ስሰማ ደጋግሜ ነው ያስደገምኳቸው። በትልልቅ ከተሞች በአልትራሳውንድ ሞራውን ሰባብሮ በሚመጥ መሣሪያም ይሠራል። በሁለቱም በደንብ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ለደደረ ሞራ ደግሞ በእጅ የሚሠራው ጥሩ ነው።

ብዙውን ጊዜ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ያ ሌንስ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። አይታጠብም፣ አይቀየርም፣ አይወጣም።

ዓይኔን አሽገው ላኩኝ። በእግሬ ነው የወጣሁት። በማግስቱ መታየት ስላለ ሩቅ አገር ያላችሁ፣ ከኮምቦልቻም ሆነ ከገጠር የምትመጡ፣ ያን ሌሊት ቅርብ የምታድሩበትን ቀድማችሁ አስቡ። ማታ ማደንዘዣው ሲለቅ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ መሰለኝ፤ ቅንድቤም አመመኝ። የሰጡኝን የሕመም ማስታገሻ ወስጄ በጀርባዬ ተኛሁ። በተሠራው ዓይን በኩል መተኛት አይፈቀድም። እሽጉን ከፍቶ ማየትም አይፈቀድም፤ ልብ ቢቸኩልም።

ጠዋት ሲስተሯ እሽጉን ፈታች። ዓይኔን በርጥብ ጥጥ ጠርጋ «ቀስ ብለሽ ግለጪ» አለችኝ። መጀመሪያ ያየሁት የራሷን ጋወን ነው። ነጭ ነበር። ነጭ! ቢጫ የሌለበት። ከዚያ የልጄን ነጠላ ጥለት አየሁ። ሰማያዊ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ አረንጓዴ ይመስለኝ ነበር። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ አየሁት፣ ቀኜን ሸፍኜ አየሁት። በግራው አረንጓዴ፣ በቀኙ ሰማያዊ። የደፈረሰ ሌንስ ሰማያዊን ቀለም አስቀርቶ ቢጫውን ስለሚያሳልፍ ነው ብለው አስረዱኝ። ልጄ አለቀሰች፤ እኔ ጨርቁን ይዤ ማገላበጥ ያዝኩ።

እዚህ ላይ ግን ሁሉም ሰው እንደኔ አይደለም። ሞራው የደደረ ከነበረ የዓይኑ ብሌን ለቀናት ሊያብጥ ይችላል። በማግስቱ ሲፈታ ጭጋግ ብቻ ያየ ሰው አብሮኝ ነበር፤ ተስፋ ቆርጦ አንገቱን ደፋ። ሐኪሙ ጠብታውን አጠንክሮለት ጥቂት ቀን ጠብቅ አለው። በቀጠሮ ስንገናኝ «ያቺን ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችውን አየኋት» እያለ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የመጨረሻው ፍርድ አይደለም።

አሁን ወደ ጠብታው። የኔ ጠብታዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ ዓይን እንዳይመረቅዝ የሚከላከል፣ ሌላው እብጠትና መቆጣትን የሚያበርድ። ጠብታው ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቀጥል ይችላል፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነው፣ እየቆየ ይቀንሳል። ሐኪሙ ሳያዝ ማቋረጥ የለም። «ተሻለኝ» ብላችሁ በሁለተኛው ሳምንት ብታቆሙት ውስጡ እንደገና ሊቆጣ ይችላል።

እኔ በራሴ ማንጠባጠብ አልሆነልኝም፤ ጉንጬ ላይ ይወርዳል። የልጅ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ሥራውን እሷ ተረከበች። ስልኬ ላይ ደወል ሞላች። ሲደውል እጇን በሳሙና ትታጠባለች። «እማዬ ወደ ላይ እዪ» ትለኛለች። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ታች ትስባለች፤ ትንሽ ኪስ ይሠራል። እዚያ ውስጥ አንድ ጠብታ። አንድ ይበቃል፤ ሌላው ይፈሳል። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይኔን ወይም ሽፋሽፍቴን እንዳይነካ በጣም ትጠነቀቃለች፤ ከነካ ጠርሙሱ ይበከላል። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እቆያለሁ። ሁለተኛው ጠብታ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ ወዲያው ከተደረገ የፊተኛውን ያጥበዋል። አንዱ ከመደረጉ በፊት የሚናጥ ነበር፤ ዱቄቱ ከታች ስለሚዘቅጥ። ጠርሙስ ከሌላ ሰው ጋር አትጋሩ። የተረፈውንም ለሚቀጥለው ዓመት አታስቀምጡ።

ውሃ ከባዱ ነገር ነበር። ዓይን ውስጥ ውሃ መግባት የለበትም ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ውዱዬን ነው። ቀጥሎ ሱጁድ። ጎንበስ ማለት፣ ግንባር መሬት ማስነካት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተከልክያለሁ። ሰፈራችን ያሉትን ሸኽ ልጄ ጠየቀችልኝ። «በሽተኛ ናት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስገድ፣ በጭንቅላቷ ጠቆም ታድርግ። የምትታጠበውን ፊቷን በርጥብ እጅ ታብስ፤ ውሃው ዓይኗን ይጎዳታል ከተባለ የሚጎዳውን አታስነካ። ዲን አያስጨንቅም» አሉ። ልቤ አረፈ። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ክርስቲያን ናቸው፤ ከኔ በኋላ ተሠሩ። የሳቸው ጭንቀት ጠበል ነበር። የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው፣ ዓይናቸው እስኪድን ጠበሉን ጠጥተው ፊታቸውን ሳያስረጩ ቆዩ። የሃይማኖት አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ በዝምታ አትጨነቁ። ብዙ ሰው ይህን ሐኪም ፊት ማንሳት ያፍራል።

ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ልጅ ማዘልም ያው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ማን እንደሚቀዳ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ምድጃ ላይ መጎንበስ፣ ጭስ፣ የእንጀራ እንፋሎት፣ ሽንኩርት፣ ሁሉም ለጊዜው ይቅር። ቡና ስናፈላ በር ጋ አስቀመጡኝ፤ ዕጣኑን ቀነሱልኝ። ኮምቦልቻና ቆላው ያላችሁ አቧራውን ተጠንቀቁ፤ ጥቁር መነጽር ይረዳል። ማታ ማታ ስትተኙ ሳታውቁት እንዳታሹት የሰጧችሁን ጠንካራ መሸፈኛ አድርጉ። ማሸት ከሁሉ የከፋው ነው።

በተረፈ ጨለማ ክፍል ውስጥ መዘጋት አያስፈልግም። «ምች ይመታሻል» ብለው መጋረጃ የዘጉብኝ ነበሩ፤ ስሜታቸው ፍቅር ነው፣ ግን ሐኪሙ ብርሃን አልከለከለም። ቴሌቪዥን ማየት፣ ማንበብ፣ ቀስ ብሎ መራመድ ይቻላል። የሚከለከል ምግብ የለም። ጠያቂ ሲመጣ ግን አንገት ለአንገት ተያይዞ መሳሳሙን በእጅ ሰላምታ ተኩት።

ይህን አንቀጽ ደግሞ ለቤተሰቦቻችሁ አንብቡላቸው። ማሳከክ፣ እንባ፣ ብርሃን መፍራት፣ ነጩ ላይ ደም መምሰል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ነው፤ እየቀነሰ ይሄዳል። ሕመሙ እየጨመረ ከመጣ፣ አይቶ የነበረው ዓይን እየደበዘዘ ከሄደ፣ መግል ከወጣ፣ ቅላቱ ከባሰ፣ መብረቅ መሰል ብልጭታ ወይም ከጎን የሚወርድ ጥላ ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ። ያንኑ ዕለት ሂዱ። ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን የሚከሰተው ከስንት አንድ ሰው ላይ ነው፤ ከተከሰተ ግን ቀን አይሰጥም፤ የሰዓታት ጉዳይ ነው። «ነገ ይሻለው ይሆናል» የሚባልበት ነገር አይደለም።

መነጽር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው የሚለካው፤ ከዚያ በፊት ዓይኑ ገና እየተረጋጋ ስለሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። የተሠራው ሌንስ እንደ ተፈጥሮው ለሩቅና ለቅርብ ራሱን አያስተካክልም። አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ነው የሚደረገው። እኔ አሁን ከሱቄ በር ሆኜ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ መርፌዬን ግን በመነጽር ነው የማየው። ይህን ቀድሜ ስለተነገረኝ አልደነገጥኩም። የቅርብ ሥራ ያላችሁ፣ ሰፊዎች፣ ጠላፊዎች፣ ሰዓት ሠሪዎች፣ ሥራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ጭጋግ የሚያይ ሰው አለ። «ሞራው ተመለሰ» ይባላል። ሞራ አይመለስም። አዲሱ ሌንስ የተቀመጠባት ያቺ ስስ ከረጢት ደፍርሳ ነው። በሌዘር በጥቂት ደቂቃ ትከፈታለች፤ ቢላም ስፌትም የለውም።

ግራ ዓይኔ ገና አልተሠራም። ሁለቱን በአንድ ቀን አልሠሩልኝም፤ አንዱ ሲድን ነው ሌላው የሚቀጥለው። እስከዚያ ሁለቱ አልመጣጠን ስለሚሉ ደረጃ ስወርድ እግሬን ፈለግ ፈለግ አደርጋለሁ፤ ሻይ ስቀዳም ብርጭቆውን በጣቴ እይዛለሁ። ቀጠሮዬ ከረመዳን በኋላ ነው፤ ጾሙና ጠብታው እንዳይደራረብብኝ እኔው ነኝ የጠየቅኩት። እስከዚያ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ። የማላውቀውን የወንድሜን ልጅ እጠይቅላችኋለሁ።